ሳይሟላ የተጀመረ ሕይወት፤ የጎንደሩ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ



ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በራሴ ቤት የገጠመኝ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት ነበር። ነገር ግን እዚህ ጎንደር አዲስ ዓለም ከጎረቤቶቼ ጋር ስጨዋወት የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። በሌሎች ከተሞች ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም ከዚህ የራቃችሁ እንዳልሆናችሁ በማሰብ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሳ፣ ካርቱም ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የኖረችው እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ በመተማ በኩል ወደ አገሯ ገባች። ከያዘችው ሁሉ የተረፋት አንድ ሻንጣና ልጆቿ ነበሩ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ሕይወት መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። ታላቁ ልጅ ያን ጊዜ 21 ዓመቱ ነበር። እዚያው ተወልዶ አድጎ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለመሆን በቅቷል። የትምህርት ማስረጃው ግን ከቤታቸው ጋር ቀረ። አማርኛን ከእናቱ አፍ ሰምቶ ያውቃል እንጂ ማንበብም ሆነ መጻፍ አልተማረም። ሲናገር ዐረብኛው እየቀደመው የሠፈር ልጆች ይስቁበታል። ትምህርቱን ልቀጥል ብሎ በጠየቀበት ሁሉ ማስረጃህን አምጣ ተባለ። ማስረጃው ደግሞ ጦርነት ባፈረሰው ከተማ ውስጥ ነው ያለው።

ልጁ ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ተወ። ለሶላት ወደ መስጊድ ይሄዳል፤ ተመልሶ ክፍሉ ይገባል። ቅዳሜ ገበያ ካለችው የጨርቃ ጨርቅ ሱቄ መጥቶ እንዲያግዘኝ ብጠራው ሰበብ አያጣም። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ወረቀቱ ሲመጣ፣ ቋንቋው ሲስተካከል ያን ጊዜ ሁሉንም እንደሚጀምር ይነግረኛል። ይህንንም ሰብር ብሎ ይጠራዋል። እናቱም ሰብር ነው አለች። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ሰብር ነው ብዬ ተቀበልኩት። በሁለተኛው ዓመት ግን ልቤ እምቢ አለ። እኔ እንደተረዳሁት ሰብር ማለት ሰው በሥራው ላይ እያለ የሚደርስበትን መከራ መቻል ነው እንጂ፣ ሥራውን አስቀምጦ የተሻለ ቀን መጠበቅ አይደለም።

ታዲያ አንድ ቀን ማታ ከዒሻ በኋላ ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ የአንድ የጎንደር ልጅ ታሪክ አጫወትኩት። ለእናንተም የማቀርበው ያንኑ ነው።

ከጎንደር እስከ መቅደላ

አንዳንድ አንባቢ በእስላማዊ ጋዜጣ ላይ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ሰው ሕይወት ለምን ይተረካል ሊል ይችላል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሙስሊም አልነበሩም። ሆኖም የከተማችን ልጅ ናቸው፤ የደረሰባቸውም ነገር በእህቴ ልጅ ላይ ከደረሰው ጋር እጅግ ይቀራረባል። ጠቃሚ ትምህርት ደግሞ ከየትም ይወሰዳል።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ ጎንደር ከተማ ነው። ጊዜው ለጎንደር ክፉ ጊዜ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የሚያስገድድ አዋጅ ካወጡ ብዙም አልቆየም። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ ከተማዋን ራሷን ዘርፈው አቃጠሏት፤ አብያተ ክርስቲያናቱ እንኳን ከእሳቱ አልተረፉም። በዚያ ዘመን የጎንደር ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ መከራውን በየተራ ቀምሷል። የሕፃኑ የወርቅነህ ቤተሰብም ከብዙ ሰዎች ጋር መጨረሻው መቅደላ አምባ ላይ ሆነ።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ደረሰ። በዚያው ወር በ6ኛው ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ አምባው ተያዘ። በዚያ ግርግር ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል የሆነው ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ቻምበርሊን የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን አነሳውና ጦሩ ሲመለስ ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ።

ከዚያ አምባ በእንግሊዞች እጅ የወጣ ሌላም ልጅ ነበር። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። እርሱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ አገሩን ሳያይ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። የዓለማየሁን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን፤ እናዝንበታለንም። ከዚያው ተራራ የወረደው የጎንደሩ ልጅ ግን በብዙዎቻችን ዘንድ ተረስቷል። ምናልባት የሚያሳዝን ታሪክ ከሚያሠራ ታሪክ ይልቅ ቶሎ ስለሚይዘን ይሆናል።

ሁለት ስም የያዘ ሰው

ወርቅነህ በሕንድ ያደጉት በሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ነው። ቻምበርሊን ከሞተ በኋላ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በ1874 ዓ.ም. ገደማ ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ በኋላም ወደ ብሪታንያ ሄደው ትምህርታቸውን አጠናከሩ። ከዚያ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረችው በበርማ ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ። በዚህ ሁኔታ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለመሆን በቁ።

እስቲ ይህንን ሰው አስቡት። በትውልዳቸው ሐበሻ፣ በስማቸው እንግሊዝ፣ በአስተዳደጋቸው ሕንድ፣ በሥራቸው በርማ ናቸው። እናት አባታቸውን አያውቁም። የተወለዱበትን ቋንቋ ረስተዋል። ነገር ግን ሙያ ነበራቸው፤ ደመወዝ ነበራቸው፤ ዘመኑ የሚያከብረው የእንግሊዝ ዜግነት ነበራቸው። እዚያው ቢቀሩ ማን ይወቅሳቸው ነበር?

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ሆነ፤ ወሬውም እስከ በርማ ደረሰ። ሰውየው ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1892 ዓ.ም. ገደማ፣ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ኢትዮጵያ ገቡ። ከመቅደላ ከወጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ከገዛ አገራቸው ሰው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

ከባሕር ማዶ አንድ ሐበሻ ሐኪም መምጣቱ ሲሰማ አንዲት አሮጊት ሊያዩዋቸው መጡ። አያታቸው ነበሩ። በሰውነታቸው ላይ በነበረ የቆየ ጠባሳ ለዩዋቸው። የተወለዱበትን ስምና የቤተሰባቸውን ታሪክ መልሰው ያገኙት ያን ጊዜ ነው። ለእህቴ ልጅ ስነግረው ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆይቶ እዚህ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። እርሱም መተማን አልፎ ጎንደር ሲገባ አያቱ፣ የእኔ እናት፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር ያየችው። ከዚያ በፊት በፎቶግራፍ እንጂ አይታው አታውቅም።

የሚደንቀኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በተረት ቢሆን ኖሮ ሰውየው በዚያው ቀርተው ታሪኩ ባለቀ ነበር። በእውነቱ ግን ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ። ከዓመታት በኋላ እንደገና መጥተው በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜም ካከሟቸው ሰዎች መካከል ነበሩ። ደግሞ ሄዱ። ለመኖር ጠቅልለው የገቡት በ1911 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ብዙ ሰው ጡረታ የሚያስብበት ዕድሜ ነው። ወደ አገር ሕይወት መግባት ለእርሳቸው በአንድ ቀን ቁርጥ ውሳኔ ያለቀ ነገር አልነበረም። እየመጡ፣ እያመነቱ፣ እየተመለሱ ሃያ ዓመት ፈጅቷል።

አማርኛ እየጎደላቸው የሠሩት ሥራ

ጠቅልለው ከገቡም በኋላ ነገሩ አልሟላላቸውም። አማርኛቸው እስከ መጨረሻው ፍጹም አልሆነም፤ የዕለት ማስታወሻቸውን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነበር። በአገሬው ዘንድ እንደ ፈረንጅ የሚያዩአቸው ነበሩ። በፈረንጆቹ ዘንድ ደግሞ ሐበሻ ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች በሙሉ ልብ የእኛ ነው አላሏቸውም። እርሳቸው ግን አንዱ ወገን እስኪቀበላቸው ቁጭ ብለው አልጠበቁም።

ምን ሠሩ? በሦስት ዓመታቸው አማርኛን ያጡት ሰው በ1920ዎቹ መግቢያ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው ያደራጁት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ትምህርት ቤት በኋላ አገሪቱን ያገለገሉ ብዙ ሰዎች ወጥተዋል። የኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች ክርክር በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠርተዋል። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። ይህኛው በተለይ ልቤን ይነካዋል። ከወላጅ ተነጥሎ፣ በሌላ ሰው በተሰጠ ስም እየተጠሩ ማደግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሠራው ሥራ ነውና።

በ1920 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ተልከው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ጉዳዩ የእኛው የጣና ሐይቅ ነበር፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ ግድብ እንዲሠራ ኒው ዮርክ ከሚገኘው ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። እዚያው እያሉ በሀርለም የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን አግኝተው፣ ባለሙያ የሆኑት መጥተው ኢትዮጵያን እንዲያገለግሉ ጋብዘዋል። ግድቡ ግን በእርሳቸው ዘመን አልተሠራም። የታላላቅ መንግሥታት ፖለቲካ ገባበትና ጥናት ሆኖ ቀረ። ይህንን የምጠቅሰው የሰውየው ሥራ ሁሉ እንዳልሰመረ ለማሳየት ነው። የተሰማሩበት ነገር እንደሚሳካ ዋስትና ጠይቀው ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ባልጀመሩትም ነበር።

ቀጥሎ በ1923 ዓ.ም. ገደማ በአዛዥነት ማዕረግ የጨርጨር ገዥ ሆኑ። ጨርጨር አብዛኛው ሕዝቡ ሙስሊም የሆነበት የሐረርጌ ደጋ ነው። ከእርሳቸው በፊት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የአሰበ ተፈሪን ከተማ፣ ዛሬ ጭሮ የሚባለውን፣ ቆርቁረው ነበር። ሐኪም ወርቅነህም በዚያው ላይ ጨመሩ። ወጣት የተማሩ ሰዎችን ይዘው መንገድና ትምህርት ቤት ለማስፋፋት፣ የግብሩን አሠራር በሥርዓት ለማስያዝ ሞከሩ፤ ጨርጨርም ሞዴል ጠቅላይ ግዛት ተባለ። ለሕዝቡ ሁሉ ነገር ተሟላ ማለቴ አይደለም፤ የገባሩ ሸክም በአንድ ገዥ የሚወርድ አልነበረም። ነገር ግን አገሩ ሲስተካከል እመጣለሁ ያላሉ ሰው ሥራ ነው።

ለንደን

ከጠላት ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ያህል ነበር። በሦስት ዓመታቸው ከአገራቸው ወደወሰዳቸው መንግሥት ዋና ከተማ፣ በዚያው መንግሥት ቋንቋ ስለ አገራቸው ሊከራከሩ ሄዱ። በአስተዳደጋቸው የነበረው ጉድለት ሁሉ እዚህ ላይ መሣሪያ ሆነ። እንግሊዝኛቸው የእንግሊዝ ነበር፤ ጋዜጠኛውን፣ የፓርላማ አባሉን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰውን በገዛ ልማዱ ማነጋገር ያውቁ ነበር።

ይሁን እንጂ የቻሉት ጥቂት ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ኢትዮጵያን አላዳነም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። አዛውንቱ ሚኒስትር አገር የሌለው ሌጋሲዮን ይዘው ለንደን ላይ ቀሩ። ኢትዮጵያን ይደግፉ ከነበሩት ከሲልቪያ ፓንክረስትና ከሌሎች ጋር ሆነው ጥሪያቸውን ቀጠሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ በኋላ የጣልያንን ወረራ ሲያውቅም አልተዉም።

ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ወረራው ሲመጣ አገራቸውን ለመከላከል ተመለሱ፤ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋርም ተሰለፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣልያን የተማረውን ሰው እየፈለገ ሲገድል ሁለቱም ተገደሉ። አባታቸው ይህንን መርዶ የሰሙት በስደት ላይ ሆነው ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ እኔም ቃል አጠረኝ። ልጅን ወደ አገሩ ሥራ አሰልፎ እንዲህ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አላህ ያውቃል። የማውቀው ሰውየው ከዚያ በኋላም ሥራቸውን እንዳልተዉ ነው። ከነጻነት በኋላ እንደገና ወደ አገራቸው ተመልሰው ኖሩ፤ በ1945 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ገደማ በ88 ዓመታቸው አካባቢ አረፉ።

የእህቴ ልጅ መልስ

ታሪኩን ስጨርስ የእህቴ ልጅ እንደ ልጅነቱ እሺ ብሎ ይነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን የተከራከረኝ በሚገባ ነው። ሰውየው ሲመለሱ ቋንቋ ቢያጡም ዲፕሎማ ይዘው ነበር፤ ሐኪም የፈለገ ንጉሥም ነበራቸው። እኔ ግን ማስረጃ የሌለኝ፣ ማንም የማይፈልገኝ ነኝ አለኝ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከሃያ ዓመት ልጅ ጋር እንደማይመዛዘንም ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሌሊት የምመልስለት አልነበረኝም። የሰው ታሪክ ለሌላ ሰው እንደ ልብስ ልክ አይሆንም።

ስተኛ ግን አባቴን አሰብኩ። አባቴ ሸማኔ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ከፈጅር በኋላ ይቀመጥ ነበር። ድር ሲበጠስበት ሌላ ድር እስኪመጣለት አይጠብቅም፤ የተበጠሰውን ቋጥሮ ይቀጥላል። ጋቢው ሲያልቅ ቋጠሮው በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ የሚለብሰው ሰው ግን ብርድ አይመታውም። የእኛ የጎንደር ሙስሊሞች ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ከክርስቲያኑ ተለይተን እንድንሰፍር ተወሰነብን። ያ ሠፈር እስላም ቤት ተባለ፤ በኋላም አዲስ ዓለም። የመሬት ርስት አልተፈቀደልንም። በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ደግሞ ሃይማኖት ለውጡ ሲባል ብዙው ወደ መተማ ተሰደደ። እህቴ ልጆቿን ይዛ የተመለሰችበት መንገድ አያቶቻችን የሸሹበት መንገድ ነው።

እነዚያ ሰዎች ርስት እስኪሰጠን ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ ኖሮ ዛሬ እኛ አንኖርም ነበር። የተፈቀደላቸው ንግድና ሽመና ነበር፤ በንግድና በሽመና ከተማዋን አለበሷት፤ ከምጽዋና ከሱዳን አገናኟት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና የወጣው ሕዝበ ሙስሊምም መብቱን የጠየቀው ሁሉ ነገር ከተመቻቸለት በኋላ አልነበረም። በዓላቶቻችን የአገር በዓል ለመሆን የበቁት ከዚያ ወዲህ ነው። ሥራቸውን ይዘው የቆሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው የጠየቁት የተሰማላቸው።

በማግስቱ ለልጁ ይህንን አላልኩትም፤ ምክር ሲበዛ ይሰለቻል። የሱቁን የዱቤ መዝገብ ብቻ አምጥቼ ፊቱ አኖርኩለት። ዓይኔ ደክሟል፤ አንተ ያዝልኝ አልኩት። በአማርኛ መጻፍ እንደማይችል ሲነግረኝ በምትችለው ጻፍ አልኩት። የደንበኞቼን ስም በዐረብኛ ፊደል መዘገበ። ሴቶቹ ስማቸው እንዴት እንደተጻፈ አሳየን እያሉ ሳቁ። በሦስተኛው ሳምንት አብሯቸው ሲስቅ አየሁት።

ይህ የሆነው ከአንድ ዓመት በፊት ነው። አሁን ፊደሉን ከታናሽ ወንድሙ መጽሐፍ ለይቶ አንብቧል። የዩኒቨርሲቲ ወረቀቱ አልመጣም፤ የሱዳን ነገርም እንደምታውቁት ነው። ዘንድሮ በማታው ትምህርት ከታች ጀምሮ ተመዝግቧል። ዕድሜያቸው ከእርሱ ብዙ ዝቅ ካሉ ልጆች ጋር ይቀመጣል። ደስ አይለውም። አንዳንድ ማታ ተናድዶ ይገባና እራቱን ሳይበላ ይተኛል። በማግስቱ ግን ይሄዳል። ከመስጊዳችን ልጆች ጥቂቶቹን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ዐረብኛ ያስተምራል፤ ሲስቁበት የነበሩት የሠፈር ልጆች ጭምር ይመጣሉ።

ይሳካለታል ብዬ ልዋሽላችሁ አልችልም። ከተማችን ራሷ በአሁኑ ጊዜ ስንት ችግር እንዳለባት ታውቃላችሁ። የጣናው ግድብ እንደቀረ የእርሱም ዩኒቨርሲቲ ሊቀር ይችላል። ያም ሆነ ይህ ቀኖቹ ከእጁ እየወጡ አይደሉም።

ውድ አንባቢያን! በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ይኖር ይሆናል። ከስደት የተመለሰ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ አካሉ የተጎዳ፣ ከሥራ የተፈናቀለ ይሆናል። ምናልባት እናንተው ራሳችሁ ትሆናላችሁ። ችግሩን አቃልላችሁ አትንገሩት፤ ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉም እስኪሟላ ጠብቅ አትበሉት። ከፊቱ አንድ ሥራ አስቀምጡለት፤ በሚችለው ይጀምር። የቀረውን አላህ ያግዘዋል ኢንሻ አላህ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከጎንደር፣ አዲስ ዓለም